የጋሼ ተክለጻድቅ ጥጥ

ሰኔ ፰ ቀን ፲፱፻፴

ዝናቡ ገባ፤ ቤታችንም ጥጥ ሆነ። ወጥ ውስጥ ጥጥ፣ ጸጉር ውስጥ ጥጥ፣ አፍንጫ ውስጥ ጥጥ። ዛሬ ጠዋት ሳስነጥስ አንድ ነጭ ነገር ወጣና እማሆይ ወለተሰንበት «አትጣይው፣ ይፈተላል» አሉ። ቀልዳቸውን ነው ብዬ ፊታቸውን አየሁ። የምራቸውን ነው።

እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ቆብ ከደፉ ቆይተዋል። ከዓለም ተለይቻለሁ ይላሉ፤ ከምድጃችን ግን አልተለዩም። ሲፈትሉ ጣታቸውን ይልሳሉ። በላሱት ጣት ክሩን ይይዛሉ፣ ክሩን ለቀው አፍንጫቸውን ይነካሉ፣ ያንኑ ጣት እንደገና ይልሳሉ። እራት ሲቀርብ ደግሞ በዚያው እጅ ያጎርሱኛል። የመነኩሴ ጉርሻ እምቢ አይባልም። ዓይኔን ጨፍኜ እውጣለሁ።

ጥጡ የቆላ ጥጥ ነው። እማዬ በበጋው ከተክለ ሃይማኖት ገበያ አንድ ኬሻ ገዛች። ለማን ነው ሲሏት «ለወንድሜ ለተክለጻድቅ ጋቢ» ትላለች። ውሸቷን ነው። ለደጉ ነው። ደጉ ወንድሜ ነው። አባቴ ማይጨው ቀረ፤ ደጉ ደግሞ አምና ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ጫካ ገባ። ለጎረቤት «ጅማ ለንግድ ሄዷል» እንላለን። ወሬውን የሚያመጣልን ኩማ ነው፤ ከመናገሻ በኩል አህያ እየነዳ እንጨት የሚሸጠው። ባለፈው መጥቶ «ሳሉ ጥሩ አይደለም። ይሄን ብርድ በዚያች ቡትቶ አይዘልቀውም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዝርት ከእማዬ እጅ አልወረደም። ኩማ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲመለስ ጋቢው መድረስ አለበት።

ይህን ሁሉ በግልጽ መጻፌ ሞኝነት ይመስላል። ግን እቤታችን ከእኔ ሌላ ማንበብ የሚችለው ጋሼ ተክለጻድቅ ብቻ ነው፤ እሱም መነጽሩ ከተሰበረ ወዲህ ወረቀት የሚያነበው በማሽተት ነው።

ሰኔ ፲፩

ስለ ጋሼ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩ ያንቀኛል። የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው፣ ከእኛው ጋር ነው የሚኖረው። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታ ለሚገባው ነው። ድሮ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። አሁን ጣሊያኖቹ ቢሮ በር ላይ ቆሞ «ሲ፣ ሲኞሬ» ይላል። ጣሊያንኛው ይኸው ነው፤ የቀረውን በእጁና በቅንድቡ ይሞላዋል።

በመጋቢት አንድ ጣሊያናዊ የእርሻ ሹም መጣ። እኛ «ቀዩ» ነው የምንለው፣ ፀሐይ አንገቱን በርበሬ አድርጋዋለች። ቀዩ በዚህ አገር ሁሉ ጥጥ መብቀል አለበት ብሎ ሲናገር የእኛው ሰውዬ ብድግ ብሎ «እኔ ጓሮ ይበቅላል!» አለ። ልደታ ሰፈር! በዚህ ብርድ! በማግስቱ ጎመናችን ተነቅሎ የጥጥ ፍሬ ተተከለ።

«ተክለጻድቅ» አሉ እማሆይ፣ «ጥጥ እኮ ፀሐይ ይፈልጋል።»

«ይለምደዋል።»

«እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ ብርዱን አልለመድኩትም፤ እሱ በአንድ ክረምት ሊለምደው?»

«እርስዎ ሰው ነዎት፤ ይሄ ተክል ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ የመንግሥት ጸሐፊ የነበረው። መንግሥቱ ለምን እንደወደቀ ገባኝ።

ሰኔ ፳፮

በረዶ ጣለ። ጋሼ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ኩታውን ጥጡ ላይ ሲያለብስ አየሁት። ደጉ ብርድ ላይ ነው። ጥጡ ኩታ ለብሷል።

ትፍ።

ሐምሌ ፭

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ከገበያ ሥጋ ጠፍቷል፤ ሽሮ በላን። ሽሮው ውስጥ ጥጥ።

መዳመጥ ተማርኩ። ጥጡን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠሽ ብረቱን ታንከባልይበታለሽ፤ ፍሬው ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ ነጩ ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። ጅማቱ ድም፣ ድም ሲል ጥጡ ይነሳል፣ ይነሳል፣ አረፋ ይሆናል። ውጭ ዶፍ ነው፤ ከሰፈሩ አጠገብ ሜዳ ላይ ያሉት አውሮፕላኖች እንኳ ጭጋግ ውጧቸው ዝም ብለዋል። ማመን አልፈልግም፣ ግን ደስ ይላል። በዚህ ክረምት፣ በዚህ ሰፈር፣ ደስ የሚል ነገር በማግኘቴ በራሴ አፈርኩ።

መፍተሉ ግን እምቢ አለኝ። የእኔ ፈትል አንዱ ጋ ገመድ፣ ሌላው ጋ የሸረሪት ድር ነው። እማዬ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።

«ኮከቤ፣ ይሄን ማን ይለብሰዋል?»

«ደጉ። ወፍራሙን በደረቱ በኩል አድርጉለት።»

ሳቀች። ከስንት ጊዜዋ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ጥጡን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እማሆይ «አታርጥቢው፣ ይበጣጠሳል» አሏት። እሳቸው ቀኑን ሙሉ በምራቅ እየነከሩት!

ሐምሌ ፲፩

ቸኩያለሁ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል ቤት ለቤት ሲፈትሹ ዋሉ። አንዲት ሴት ወሰዱ። ባል የላት ልጅ የላት፣ ቤቷ ግን አዲስ ጋቢና ጨው ተገኘ። «ለሽፍታ ልትልኪ ነው» አሏት። እማዬ ልቃቂቶቹን አልጋ ሥር ከተተች። ቆይታ አወጣቻቸው። ቆይታ ደግሞ ማድጋ ውስጥ ከተተቻቸው። ደህና ቦታ ያለ ይመስል።

ሐምሌ ፲፬

ጎረቤታችን ወይዘሮ እንዳለች እሳት ልጫር ብላ መጣች። እሳቱ በቀኝ ነው፤ ዓይኗ ግን በግራ፣ ቅርጫቱ ላይ።

«ድንቅነሽ፣ ይሄ ሁሉ ፈትል ለማን ነው?»

«ለተክለጻድቅ ጋቢ ነው» አለች እማዬ።

«ተክለጻድቅ ዝሆን ሆነ እንዴ?»

ከዚያ ራሱ ዝሆኑ ገባ። «ከጓሮዬ ጥጥ ነው!» አለ፣ ሜዳው ማዶ እስኪሰማ ጮኾ። ወይዘሮ እንዳለች አንገቷን አውጥታ ጓሮውን አየች። ከጉልበት የማያልፍ፣ ቅጠሉ የቢጫ በሽታ የያዘው ነገር ቆሟል። «የትኛው?» ብላ እየሳቀች እሳቷን ይዛ ወጣች። እኔም አብሬ ብወጣ በወደድኩ።

እሷ ስትሄድ እሱና እማዬ ጓዳ ገቡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ እየዳመጥኩ ነበር፣ እጄን አቆምኩ።

«ማንም ቢጠይቅሽ ከጓሮ ነው በይ» አላት። «ደጋግመሽ በይው። ለቀዩ ሰውዬም ነግሬዋለሁ፣ ቤቴ ሙሉ ፈትል ነው፣ ሁሉም ከጓሮዬ ነው ብዬዋለሁ።»

«መጥቶ ቢያይስ?»

«ይይ።»

ጉራ! ለገዛ እህቱ በጓዳ ውስጥ ጉራ! ሰው እንዴት ማንም በሌለበት እንኳ ይኮራል?

ሐምሌ ፳፰

ጥጡ አበበ። አበባው ያምራል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ከዚያ ጥቂት ፍሬ ያዘና ዝናቡ ገደለው። ዛሬ አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፤ ውስጡ ቡናማ ንፍጥ፣ ንፍጡ ውስጥ ትል። ጣቴን ሦስት ጊዜ በአመድ ታጠብኩ፣ ሽታው አልለቀቀኝም። ጋሼ ግን በየቀኑ እየወጣ ያየዋል። እንደ ታማሚ ይጠይቀዋል።

ነሐሴ ፪

ፍልሰታ ገባ። ውሃ የጠማን እኛ፣ ጠግቦ የመጣው ጋሼ! ከቀዩ ጋር መኮሮኒ በልቶ። ጢሙ ጫፍ ላይ ቀይ ነገር ተንጠልጥሏል።

«ጋበዘኝ፤ ምን ላድርግ?» አለ።

«ጾመኛ ነኝ አትልም?» አሉ እማሆይ።

«በጣሊያንኛ አላውቀውም።»

እማሆይ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሲስቁ እንዳናያቸው ይመስለኛል። እኔ አላሳቀኝም። ደጉ ምን ይበላ ይሆን?

መኮሮኒው ወሬም ይዞ መጥቷል፤ ቀዩ በሚቀጥለው ሳምንት ጥጡን ሊያይ ይመጣል። ጓሮው ውስጥ ያለውን ንፍጥ ሁላችንም አይተነዋል። እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት፣ ምን ነበረበት ዝም ብል!

«ከኬሻው አውጥተን ተክሉ ላይ በክር እንሰርለታ፣ ጋሼ! የታሰረ ጥጥ ንፋስም አይወስደው።»

እማሆይ ከትከት አሉ። እማዬም ፈገግ አለች። ጋሼ አልሳቀም። ጢሙን መጥረጉን ትቶ አየኝ፣ አየኝ።

«ይቺ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቺ ልጅ።»

ነሐሴ ፯

እውነትም አደረገው። ቀልዴን ወስዶ ሥራ አደረገው!

ኬሻው ውስጥ ያልተፈተለ ግማሽ ያህል ቀርቷል። ጋሼ ሊጎትተው ሲመጣ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ።»

«አልነሳም። የደጉ ነው።»

«ኮከቤ፣ ተነሺ አልኩ።»

«የእርስዎ ጣሊያን ጥጥ ቢያምረው እዚያው ቢሮው ጸጉሩ ላይ ይሰሩለት!»

እማዬን አየኋት፤ ትጮህበታለች ብዬ። «ተነሺለት» አለች። እማዬ! የልጇን ጋቢ ለጣሊያን ሰላቶ ማጌጫ! ተነሳሁ። እናቴን እንደዛሬ ተጸይፌ አላውቅም፤ ይህን መጻፌ ራሱ ያቅለሸልሸኛል፤ ግን ጽፌዋለሁ።

ነሐሴ ፲፩

ቀኑን ሙሉ አሰርን። አንድ እፍኝ ጥጥ፣ አንድ ክር፣ አንድ ቅርንጫፍ፤ ቋጠሮው ከቅጠሉ ሥር። ዝናብ ሲመጣ በጆንያ እንሸፍናለን፣ ሲያባራ እንገልጣለን። የራሰው ጥጥ የሞተ በግ ጅራት ይመስላል። እማሆይ «እኔ ከዓለም ተለይቼ ምን ላይ ዋልኩ!» እያሉ አሰሩ።

ከሁሉ የሚያስጠላው ምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ደብተሬ? ጎበዝ ነኝ። ክሩን መፍተል ያቃተኝ ልጅ ውሸቱን ስቋጥር የሚያህለኝ የለም። የእኔ ተክል ከሁሉ እውነት መሰለ። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቤት ገብቼ ትከሻዬን አራገፍኩት።

ነሐሴ ፲፪

ቀዩ መጣ። ሁለት ወታደሮች አስከትሎ፣ ጭቃው ጫማውን እየሳበው። ጋሼ የታጠበ ኩታ ለብሶ በሩ ላይ ጎንበስ፣ ቀና፤ ጎንበስ፣ ቀና። ውሃ የሚቀዳ ይመስል። ወዲያው ፀሐይ ወጣች፤ ክረምቱን ሙሉ ያልወጣች ፀሐይ፣ ለውሸት ጊዜ ወጣች። ጓሮው ነጭ ሆኖ በራ።

ቀዩ እጁን አጨበጨበ። «ኮቶኔ! ኮቶኔ!» አለ። በየተክሉ መሃል ሄደ፣ አሸተተ፣ በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ የእኔን ተክል መርጦ፣ በጣም ያማረውን፣ ጎተተ።

ጥጡ መጣ። ክሩም ተከትሎ መጣ፤ ረጅም፣ ደማቅ፣ የተፈተለ ክር።

እማዬ የበሩን መቃን ያዘች። ቀዩ ክሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ጣሊያንኛው ጠፋው፤ ያችም «ሲ ሲኞሬ» ጠፋችው። ያኔ እማሆይ በመቋሚያቸው ወደ ፊት መጡና፣

«ንገረው» አሉ። «የልደታ ጥጥ ተፈትሎ ነው የሚበቅል፣ በለው።»

ጋሼ ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። እጁን እንደ ንፋስ አወዛወዘ፣ «ፊሊዮ» አለ፣ ተክሉን እንደ ሕፃን አቀፈ፣ በምናምን ጠፍሮ አሳየ። ንፋስ እንዳይጥለው አስረነው ነው ያለው ይመስለኛል። ቀዩ ሳቀ። ያመነ ይሁን፣ ለበላዮቹ የሚያሳየው ጥጥ ስለፈለገ ይሁን፣ እንጃለት። ጥጡን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንደኛው ወታደር ግን ቤት ገብቶ ቅርጫቱን ይዞ ወጣ። የደጉን ፈትል፣ ሁሉንም። ለቀዩ አሳየውና በቁጣ አንድ ነገር አለ።

ጋሼ ድምፁ ተመለሰለት። «ሲ! ሲ! ኮቶኔ ሚዮ!» እያለ ጓሮውን በጣቱ ጠቆመ፣ ቅርጫቱን ጠቆመ፣ ደረቱን ደለቀ። ቀዩ ወታደሩን ገሠጸው፤ ቅርጫቱ ከነፈትሉ ተመለሰ። ጋሼን ጀርባውን መታ፣ ሲጋራ ሰጠው። ሲጋራ የማያጨሰው ጋሼ አጨሰው። ሲያስል ዓይኑ እንባ ሞላ።

ሲወጡ ወይዘሮ እንዳለች አጥሩ ላይ ነበረች። ሁሉንም አይታለች።

ነሐሴ ፲፬

የእኛን መንደር ፈተሹ። ቤት ለቤት፣ ፍራሽ እየቀደዱ፣ ማድጋ እየደፉ። የወይዘሮ እንዳለችን ጤፍ ጭቃ ላይ ዘረገፉት። እኛ በር ላይ ሲደርሱ ያ ቅርጫቱን ያወጣው ወታደር ለጓደኛው አንድ ነገር ነገረውና አለፉ። ወታደሩ አስካሪ ነው፣ ለጣሊያን የተቀጠረ ትግርኛ ተናጋሪ፤ እማሆይ ቋንቋውን ስለሚያውቁ ሰምተውታል፤ «ይሄ የጥጡ ቤት ነው፣ ተዉት» ብሎ ነው።

ከሰዓት በኋላ አዋጅ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰፈሩ ሁሉ ጎመኑን ነቅሎ ጥጥ ይተክላል። ምክንያቱም የአቶ ተክለጻድቅ ጓሮ አብቅሏል።

አሁን ሰው ሰላም አይለንም። ወይዘሮ እንዳለች ለእማዬ «ልጅሽ ጅማ ነው አይደል? እሱም እዚያ ሄዶ ጥጥ ይሰር» አለቻት።

ነሐሴ ፲፮

ያሰርነውን ፈታን። ዝናብ የጨፈጨፈው፣ ጭቃ የጠጣ፣ ከቅጠሉ አረንጓዴ የወረደበት። የሚቀፍ ነገር ነው። እማዬ በእንዶድ ልታጥበው ስትነሳ ጋሼ «አታጥቡት» አለ።

«ለምን?»

«ነጭ ከሩቅ ይታያል።»

«እቤት ለሚለበስ ጋቢ ከሩቅ መታየቱ ምኑ ነው፣ ጋሼ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ጭቃ ይይዛል ማለቴ ነው» አለ። ጭቃውን በላዩ ላይ እያየው!

አመዳሙን ጥጥ አድርቀን እንደገና ነደፍነው። እጄ አሁን ለምዷል፤ ክሬ አይበጠስም። ለማንም አልነገርኩም።

ነሐሴ ፳፭

ሸማኔው ጨረሰ። ጋቢው መሃሉ ነጭ፣ ሁለቱ ዳር የአመድ ቀለም። ከባድ ነው። ለብሼው ትንሽ ተቀመጥኩ። በአንድ ቦታ ላይ ክሩ ወፍሮ ጎርበጥ ይላል፣ የእኔ ነው። እማዬ አውቃ በደረት በኩል አስገብታዋለች።

ነሐሴ ፳፰

ኩማ መጣ። እንጨቱን አራገፈ፣ ጋቢውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ኬላው ላይ ጭነት እየፈቱ ነው፣ እመቤቴ። የኮርቻ ገለባ እንኳ ይበትናሉ። ይሄን ቢያገኙብኝ እኔም አልተርፍ፣ እሱም አይለብሰው።»

እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ክረምቱ በሙሉ አብሯት ቁጭ አለ።

ጋሼ ያኔ ተነሳ። ጋቢውን ከጉልበቷ ላይ አንስቶ ለበሰው። አጣፋው፣ አስተካከለው፣ ቆሞ ራሱን አየ።

«ቀዩ ሰውዬ ስለ ጥጡ ዘር ሆለታ ልኮኛል» አለ። «ወረቀትም ሰጥቶኛል። ከኩማ ጋር አብሬ እወጣለሁ።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። «ሌባ!» አልኩት። በአንቱታ እንኳ አይደለም። «የወንድሜን ጋቢ! ሌባ! ባንዳ!» እማዬ በጥፊ አጮለችኝ። ጋሼ አልተቆጣም። በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝ፣ ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳብ አደረገና ከአህዮቹ ኋላ ወጣ።

ጉንጬ ይግላል። ለምን መታችኝ? የምትመታው እሱን አልነበር? እያሰብኩ ነው። ማሰቡን አልወደድኩትም።

ጳጉሜን ፩

ጋሼ ተመለሰ። በእጀ ጠባብ ብቻ፣ ውሃ ሆኖ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ደጃፉ ላይ ቆሞ መንደሩ እስኪሰማ «ቀማኞች ገፈፉኝ! ጋቢዬን ገፈፉኝ!» ብሎ ጮኸ። ከአጥሩ ማዶ አንዷ «እሰይ፣ እጃቸውን ይባርከው!» አለች። ሳቅ ሆነ።

እማዬ ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው። ስለ ቀማኞቹ አልጠየቀችውም። እኔ ጥጥ የምነድፍ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ የሚነደፍ ጥጥ ግን አልቋል።

«ትንሽ አጠረው» አላት፣ እየተንቀጠቀጠ። «ቁመት ጨምሯል።»

እማዬ እግሩን ይዛ ቆየች።

ጳጉሜን ፬

ጋሼ ሳሉ ጠናበት። ለመድኃኒት ወደ ተክለ ሃይማኖት አብሬው ወጣሁ። ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱ ሰው ሞልቶበታል። ወይዘሮ እንዳለች ከፊት ለፊታችን መጣች። ቆመች። ትፍ አለችበት፤ ጉንጩ ላይ አረፈ።

አፌን ከፈትኩ። ሁሉንም ላወጣው ነበር፣ ጋቢውን፣ ጫካውን፣ ሁሉንም። ጋሼ የእጄን አንጓ ጨመቀኝ። ጉንጩን በእጅጌው ጠረገና ጥርት ያለውን ሰማይ ቀና ብሎ አየ።

«ካፊያ ነው» አለኝ።

ጥቂት ከሄድን በኋላ «አንቺ ወደ ኋላ ቀረት በይ፣ ልጄ። ከእኔ ጋር ባያዩሽ ይሻላል» አለ።

እጁን ያዝኩት። የጋሼ እጅ ሁልጊዜ ላብ ላብ ይላል፤ ያስጠላል። እስከ ተክለ ሃይማኖት አልለቀቅኩትም።